ብር ሲረክስ የሰሊጥ ገበሬው ለምን እኩል አልተጠቀመም?

ጥያቄ፦
ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰሊጥ በዶላር የሚሸጥ ምርት በመሆኑ ከመተማና ከቋራ የሚመጡት ደንበኞቼ እጃቸው ይፈታል ብዬ ነበር፤ ግዢያቸው ግን እንደ ወትሮው ነው። ምክንያቱን የሚያስረዳኝ አለ?

መልስ 1፦
ምክንያቱ ከለውጡ በፊት የነበረው አሠራር ይመስለኛል። ዶላር በባንክ ወረፋ በሚጠበቅበት ጊዜ ብዙ አስመጪዎች ሰሊጥ የሚልኩት ከሰሊጡ ለማትረፍ ሳይሆን በሚያገኙት ዶላር ተሽከርካሪ፣ ብረትና ሌላ ሸቀጥ ለማስገባት ነበር፤ ስለዚህ ከዓለም ዋጋ በላይ ከፍለው ይገዛሉ፣ በኪሳራ ይልካሉ፣ ኪሳራውንም ባስገቡት ዕቃ ላይ ያካክሳሉ። ገበሬው ከይፋዊው ምንዛሪ የተሻለ ዋጋ ቀድሞውኑ ያገኝ ነበር ማለት ነው። ከለውጡ በኋላ ይህ ማባበያ ሲቀንስ የሰሊጥ ዋጋ የዶላሩን ያህል አልወጣም።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ወጪው ግን ተዘሏል። ሰሊጥ ጉልበት ይበላል፦ ይታረማል፣ ይታጨዳል፣ ታስሮ እንዲደርቅ በሂላ (በክምር) ይቆማል፣ ቆባው (የዘሩ ከረጢት) ተከፍቶ ዘሩ እንዳይረግፍም አጨዳው በጥቂት ቀናት ማለቅ አለበት። በእነዚያ ቀናት የቀን ሠራተኛው የጠየቀው ይከፈለዋል። የትራክተር መለዋወጫና ናፍጣም ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዶላር ሲወደድ እነሱም ይወደዳሉ። ለመሆኑ የእርስዎ ጨርቅ ከየት ይመጣል?

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። አብዛኛው ከቻይና የሚገባ ነው፤ እኔም ዋጋ ጨምሬአለሁ።