የአራስ ቆዳ፦ ብር የሚወጣበትና የማይወጣበት

ከወለዳችሁ በኋላ ፊታችሁ ላይ ማድያት ወጣ እንበል። የመጀመሪያው ጥቆማ ከጎረቤት ይመጣል። ሁለተኛው ከፀጉር ቤት፣ ሦስተኛው ከቲክቶክ። ሐኪም አምስተኛ ከደረሰውም ጥሩ ነው። እስቲ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በየሱቁና በየመድኃኒት ቤቱ የሚቀርብልንን ላወዳድር።

ከማድያት ልጀምር፤ ዋናው ብር በል እሱ ነው። የእርግዝና ሆርሞን ያስነሳዋል፣ ፀሐይ ታባብሰዋለች። ብዙ እናቶች ላይ ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። እኔ አንደኛ የምሰጠው ለጃንጥላ ነው። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። «አራስ ፀሐይ አይንካት» የሚሉት እናቶቻችን እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ችግሩ ከክርስትናው በኋላ ጃንጥላው ጥግ ይቆማል። ማርቆስ ያላችሁ ደግሞ ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ደጋ ላይ ጨረሩ ይበረታል።

ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) የምትገዙ SPF የሚለው ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ለማድያት ከነጩ ይልቅ የቆዳ ቀለም ያለውና አይረን ኦክሳይድ የሚባለው ማቅለሚያ የተጨመረበት ይሻላል፤ ተራውን ብርሃንም ይከላከላል። ጊዜው አለማለፉን እዩ። ፀሐይ ሲመታው የከረመ የመደርደሪያ ዕቃ አትግዙ።

ስምም ጽሑፍም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጠውን «የሚያቀላ» ክሬም ግን በነፃ ቢሰጧችሁም እንዳትቀበሉ። አንዳንዱ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ ይገኝበታል፣ አንዳንዱ ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት። መጀመሪያ ላይ ፊት ያበራል። ስታቆሙት ብጉሩና መቅላቱ ይከተላል፣ ቆዳውም ይሳሳል። ደግሞ ሕፃኑ ጉንጩን የሚለጥፈው እዚያው ፊታችሁ ላይ ነው። ሃይድሮኪኖን የሚባለው የማድያት ማቅያ መድኃኒትም ወደ ሰውነት በብዛት ስለሚገባ ለምታጠባ እናት አይመከርም። መድኃኒት ካስፈለገ ስለ አዜላይክ አሲድ ሐኪም ጠይቁ።

ወደ ቅቤ እንምጣ። የጎጃም ለጋ ቅቤ ለፀጉር ይሁን፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አናት ላይ ተቀብቶ በሻሽ ሲታሰር ቀልጦ ወደ ግንባር ይወርዳል። ከዚያ በፀጉሩ ጠርዝ ብጉር ተሰልፎ ታያላችሁ። ግንባራችሁን እየጠረጋችሁ ተቀቡ።

የሆድ ሸንተረርን ጥቁር አዝሙድ ዘይትም ሆነ ውዱ ክሬም አያጠፋውም። በጊዜ እየደበዘዘ ይሄዳል። ድርቀቱንና ማሳከኩን ለማስታገስ ቫዝሊን ይበቃል።

ፀጉር መርገፍም ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይጀምርና በዓመት ውስጥ ይመለሳል። የፀጉር ዘይት የሚሸጡት «ሠራ» የሚሏችሁ ራሱ ሲመለስ ነው! ድካሙ ከበዛባችሁ ደም ማነስ ተመርመሩ።

ጡታችሁ ጫፉ ከተሰነጠቀ መጀመሪያ የሕፃኑ አጎራረስ ይታይ። የተጣራ ላኖሊን (ከበግ ፀጉር የሚወጣ ቅባት) ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ካጣችሁ የራሳችሁን ወተት ቀብታችሁ አድርቁት። ማር ግን በፍጹም! አገራችን የማር አገር ቢሆንም ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር መላስ የለበትም። ጡት ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ካለ ሳታድሩ ሂዱ።

ወይባ መሞቅ የምትወዱ፣ ሽታው ደስ ይላል፣ አልከራከርም። ለማድያት ግን ሙቀት አይስማማም። የኦፕሬሽን ወይም የስፌት ቁስል ሳይድን አትሙቁ፤ በሩን ዘግታችሁም አታጭሱ።

የት ልታይ ለምትሉ፦ ሕፃኑን ለ45 ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ ስትወስዱ የራሳችሁንም ቆዳ አሳዩ። ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ወረፋ ይቀርላችኋል። ማሳከኩ ሌሊት የሚብስና ቤተሰቡንም የያዘ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ላይ ሳትታከሙ አይለቅም። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ወይም ቁስሉ መግል ካመጣ መድኃኒት ቤት አትዙሩ፣ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከአቅም በላይ ሲሆን ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይልኳችኋል። የጤና መድን ያላችሁ የሪፈር ወረቀቱን ሳትይዙ እንዳትሳፈሩ።