እናቴ አቡነ የማታ ጉህ ካልወጣሁ ብላለች፤ የሚከለክል ሕግ የለም ወይ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥታ አንድ ነገር ይዛ ድርቅ ብላለች። ትግራይ፣ ገርዓልታ ሄጄ ገደል ላይ ያለውን የአቡነ የማታ ጉህ ቤተ ክርስቲያን ካልተሳለምኩ አልመለስም ትላለች። ስልሳዎቹን አጋምሳለች፣ ስኳር አለባት፣ ጉልበቷንም ያማታል። ቪዲዮውን ሳየው ሆዴ ባር ባር አለ። ሰዉ በባዶ እግሩ ቀጥ ባለ አለት ላይ ተንጠላጥሎ ይወጣና ከዚያ ደግሞ አንድ ክንድ በምታህል ጠርዝ ላይ እየተራመደ ነው የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ የሚደርሰው። በዕድሜ ወይም በጤና የሚከለክል ደንብ የለም? እዚያ ያሉት ሰዎች «እርስዎ ይቅርብዎ» ይላሉ ወይስ የመጣውን ሁሉ ያወጣሉ? ክፉ ነገር ቢደርስስ ማን ይጠየቃል? እኔ እንዳልከለክላት እናቴ ናት።

የሐውዜን ልጅ፦
እህቴ፣ እኔ እዚያው አካባቢ ነው ያደግኩት። የሚከለክል አትጠብቂ። የጤና ወረቀት የሚጠይቅ የለም፣ ዕድሜም አይጠየቅም። የአካባቢው እናቶች ሕፃን አዝለው ለክርስትና ይወጣሉ። ወድቆ የሞተ የለም፣ ጻድቁ ይጠብቃሉ ይላሉ አባቶች፣ እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ግን እነዚያ እናቶች አለቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። የት ጋ እንደሚጨበጥ፣ የት ጋ እንደሚረገጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ይነግሩሻል።

ከታች እስከ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያው ዳገት ነው፣ ይደክማል እንጂ አያስፈራም። ጫማ የምታወልቁበት ቦታ ስትደርሱ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ከፊታችሁ ቀጥ ያለ ግድግዳ አለ፣ ለእጅና ለእግር የሚሆኑ ጎድጓዳ ቦታዎች አሉት። የሚያግዙት ልጆች አንዱ ከላይ እጅ ይይዛል፣ ሌላው ከታች እግርሽን ይዞ ጎድጓዳው ውስጥ ያስገባልሻል። አሁን አሁን ለእንግዳ ገመድና ቀበቶ ያቀርባሉ፣ ካላመጡ ጠይቁ፣ ማፈር አያስፈልግም። መጨረሻ ላይ ያየሽው ጠርዝ አለ፣ ሥሩ ከ200 ሜትር በላይ ገደል ነው።

ሰው የማይነግርሽን ልንገርሽ፦ ከመውጣቱ መውረዱ ይብሳል። ስትወጪ የምትይዢውን ታያለሽ፣ ስትወርጂ ግን የምትረግጪው አይታይም። ላይ ደርሶ «አልወርድም» ብሎ የሚያለቅስ ጎልማሳ አይቻለሁ። እና እናትሽ ግድግዳውን ከሥሩ ቆመው ይዩትና ያኔ ይወስኑ። እዚያ ድረስ ሄዶ መመለስ ምንም ነውር የለውም። ክረምት ከሆነ ግን ጭራሽ አታስቡት፣ አለቱ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

ጠበቃው፦
የሕጉን ጥያቄ ልመልስ። አዋቂ ሰው በገዛ ፈቃዱ ተራራ ቢወጣ ወንጀል አይደለም፣ ስለዚህ እናትሽን በሕግ የሚያስቆማቸው የለም። ተጠያቂነቱ ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል። ገንዘብ ተቀብሎ ያረጀ ገመድ ያሰረልሽ አስጎብኚ «በራሷ ፈቃድ ነው የወጣችው» ብሎ ብቻ ላያመልጥ ይችላል። ግን ጥፋቱን ማስረዳት አለብሽ፣ ያም ቀላል አይደለም። ገመድ ሳይኖር፣ ማንም ሳያጠፋ እግራቸው ቢንሸራተትስ? ማንን ትከሻለሽ? ካሣ አለ ብለሽ እንዳትጽናኚ። አስጎብኚ ድርጅት የሚያስፈርማችሁ ወረቀት ካለ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። ከአሜሪካ የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝተው ከሆነም ዛሬውኑ ደውለው ይጠይቁ፣ ብዙዎቹ አለት መውጣትን አይሸፍኑም።

ነርሷ፦
ሁላችሁም ስለ ገደሉ አወራችሁ፣ እኔን ያሳሰበኝ ስኳሩ ነው። ስኳር ለብዙ ዓመት የቆየበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ራሱ አያውቀውም። እዚያ ደግሞ በባዶ እግር ነው፣ የረገጡት ነገር መያዙን የሚነግርሽ ውስጥ እግርሽ ነው። የደነዘዘ እግር ይህን አይነግርሽም። ድንጋይ ቢቆርጣቸውም ላይሰማቸው ይችላል፣ የስኳር ታማሚ እግር ላይ ያለች ትንሽ ቁስል ደግሞ የት እንደምትደርስ ስንቱን አይተናል። ዳገቱ ላይ ስኳራቸው ቢወርድ ያዞራቸዋል፣ ላብ ያሰምጣቸዋል፣ ይህ ጠርዙ ላይ ቢሆን አስቢው። የደም ግፊት መድኃኒትም ከወሰዱ ጎንበስ ብለው ሲነሱ ሊያዞር ይችላል። እባክሽ ከጉዞው በፊት ሐኪም እግራቸውን ይይላቸው። ስሜቱን በቀጭን ክር መሰል ነገር እየነኩ ይመረምሩታል፣ አያምም፣ ጊዜም አይፈጅም። እግራቸው ደንዝዞ ከተገኘ ገመድም ቢኖር አይውጡ።

መንገደኛ፦
ይቅርታ ግን እኔን ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ይህን ያህል ሰው የሚሄድበት ቦታ ለምንድነው ብረት መደገፊያ የማይሠራለት? መንግሥት ዝም ብሎ ያያል?

የሐውዜን ልጅ፦
መንገደኛ፣ ሐሳብህ ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። ያ ቦታ የጸሎት ቦታ ነው፣ እንደሚባለው በዘጠኙ ቅዱሳን ዘመን አባቶች ከዓለም ርቀው እዚያ የገቡት አስቸጋሪነቱን ፈልገው ነው። የደብረ ዳሞ ገዳምም እስከ ዛሬ በገመድ ነው የሚወጣው፣ ደረጃ ይሠራ ብትል መነኮሳቱ አይቀበሉህም። አለቱን ሰርስረህ ብረት ብትተክል ደግሞ እሱ ራሱ ጉዳት ነው። እኔ የምደግፈው የሚያግዙት ልጆች በደንብ እንዲሠለጥኑና ገመዱ በየጊዜው እንዲታይ ነው። አደጋ ቢደርስ ትልቁ ሆስፒታል መቐለ ነው፣ ያንን መንገድ ተጎድተህ አስበው።

ጠያቂዋ ሆይ፣ እናትሽ ገርዓልታን ማየት ከሆነ ልባቸው፣ አብርሃ ወአጽብሃ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ። ከአለት የተፈለፈለ ነው፣ ሥዕሉም ያምራል፣ መኪና እስከ ሥሩ ይደርሳል፣ ከዚያ ደረጃ ብቻ ነው። ውቅሮ ጨርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ውቅሮ ከተማ ጫፍ ላይ ነው። ሌላዋን የተራራ ቤተ ክርስቲያን ማርያም ቆርቆርን ግን ቀላል ነው የሚል ካለ አትስሙት፣ ግድግዳ ባይኖረውም ዳገቱ ለጉልበት ታማሚ አይሆንም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነርሷን መልስ ለእናቴ አነበብኩላት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ በኋላ ግን «እግሬ ሌሊት ሌሊት ይደነዝዘኛል» አለች። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም! ሰኞ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። አብርሃ ወአጽብሃም ተስማምታለች፣ ጉህ ግን ወንድሜ ወጥቶ ስለቷን ያድርስላት ብላለች። እሱ ጤነኛ ነው፣ ግን ከፍታ ይፈራል። ምን ትመክሩታላችሁ?

የሐውዜን ልጅ፦
በጠዋት ይነሳ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ቄሱ ቁልፍ ይዘው መኖራቸውን አስቀድሞ ያጣራ፣ ወጥቶ ዝግ በር እንዳይገጥመው። ስልኩን ኪሱ ያድርግ፣ ቪዲዮ ወርዶ ይቅረጽ። ገመዱን ይታሰር። ግድግዳው ሥር ደርሶ እግሩ ከተንቀጠቀጠ ስለቱን ለቄሱ ሰጥቶ ይመለስ፣ ያደርሱለታል።