መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ የመሐል ሜዳው ሰርቨር በኤስኤስኤች አላስገባ አለ

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። መሐል ሜዳ ቅርንጫፍ የተቀመጠ ኡቡንቱ 22.04 ሰርቨር አለን፤ ከደብረ ብርሃን በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የግል መስመር) አልፈን በኤስኤስኤች (ከርቀት ሆኖ ሰርቨርን በትእዛዝ ማዘዣ) ነው የምንገባው። ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ሁለታችን መግባት አቅቶናል። እኔ በኪይ (በፓስወርድ ፈንታ በሚያገለግል የቁልፍ ፋይል) ስሞክር «ፐርሚሽን ዲናይድ፣ ፐብሊክኪይ» ይላል። ባልደረባዬ በፓስወርድና ስልኩ ላይ በሚወጣው ባለ 6 አሃዝ ኮድ ነው የሚገባው፤ ኮዱን አይቀበለውም። ሌላ ባልደረባችን ደግሞ በኪይ ያለችግር ትገባለች፤ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን) ግን የላትም። በዚያው ቀን ጠዋት ስካነሩ ፋይል እንዲጥልበት ተብሎ የእኔ ሆም ፎልደር (ሰርቨሩ ላይ ያለው የግል ፎልደሬ) ግሩፑ እንዲጽፍበት ተከፍቷል። ሰርቨሩ አጠገብ በስልክ የነገርኩትን የሚጽፍልኝ፣ ሱዶም ያለው ሰው አለ። ታርማበርን አልፎ እዚያ ድረስ መሄድ የመጨረሻው አማራጭ ይሁንልኝ።

መልስ፦ ባሶ
ወንድሜ፣ መልእክቱ ራሱ ግማሹን ነግሮሃል። «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ቢል መስመሩን፣ ቪፒኤኑን ወይም ፋየርዎሉን እንጠረጥር ነበር። «ሪፊዩዝድ» ቢል ማሽኑ አለ፣ ፖርት 22 ላይ የሚያዳምጥ ግን የለም ማለት ነው። አንተን ግን ሰርቨሩ አናግሮህ ነው የከለከለህ፤ ኔትወርኩን ተወው።

የእኔ ግምት ያ የተከፈተው ሆም ፎልደር ነው። ኤስኤስኤችዲ (ሰርቨሩ ላይ ኤስኤስኤችን የሚያስተናግደው ፕሮግራም) ኪይህን ከመቀበሉ በፊት የተፈቀዱ ኪዮች የተመዘገቡበትን የኦተራይዝድ ኪይስ ፋይል፣ ፋይሉ ያለበትን የነጥብ ኤስኤስኤች ፎልደርና ሆም ፎልደርህን ያያል፤ ከሦስቱ አንዱ ላይ ሌላ ሰው መጻፍ ከቻለ ኪይህ ትክክል ቢሆንም ይጥለዋል። ኡቡንቱ ላይ በግሩፑ ውስጥ አንተ ብቻ ካለህ ያልፍሃል፤ ሌላ አባል ሲጨመር ግን አይምርም። ስለዚህ ሰውዬው ቫር፣ ሎግ ውስጥ ያለውን የኦት ሎግ (የመግቢያ ሙከራዎች መዝገብ) የመጨረሻ 20 መስመር ያንብብልህ። «ባድ ኦውነርሺፕ ኦር ሞድስ» (ባለቤትነቱ ወይም ፈቃዱ ልክ አይደለም) የሚል ካለ አለቀ፤ የፈቃድ ቁጥሮቹን እንዲህ ያድርጋቸው፦ ሆም 750፣ ነጥብ ኤስኤስኤች 700፣ ኦተራይዝድ ኪይስ 600፣ ባለቤቱም አንተ። ሰርቪሱን ሪስታርት ማድረግ አያስፈልግም፤ ወዲያው ይሠራል።

ለስካነሩ ኤስአርቪ ሥር የራሱ ፎልደር ክፈትለት፣ ግሩፑን ስጥና የፈቃድ ቁጥሩን 2775 አድርገው። የሰው ሆም የጋራ መጣያ አይደለም።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት
ለምን ትደክማላችሁ፣ ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን (በፓስወርድ ብቻ መግባት) ለሁሉም የስ ይደረግና ይገባ።

መልስ፦ ባሶ
የታመመው ሌላ፣ የሚታከመው ሌላ! የባልደረባው ፓስወርድ እንደሆነ አልፏል፤ የቀረው ኮዱ ነው። ደግሞ ዋናውን ኮንፊግ (የኤስኤስኤችዲን የማዋቀሪያ ፋይል) ብቻ ብትቀይረው ላይሠራ ይችላል፦ ኡቡንቱ ላይ ከጎኑ ያለው የኮንፊግ ዲ ፎልደር ፋይሎች ቀድመው ይነበባሉ፣ ቀድሞ የተነበበው ዋጋ ነው የሚጸናው። ኮንፊግ የሚነካ ሰው በኤስኤስኤችዲ ሰረዝ ቲ ሳይፈትሽና አንድ የተከፈተ ሴሽን ሳይዝ ሪስታርት እንዳያደርግ።

መልስ፦ አንኮበር
የኮዱ ነገር የሰዓት ጉዳይ ይመስላል። ኮዱ በየ30 ሰከንዱ ከሰዓት ነው የሚሰላው፤ እንደተለመደው ከተዋቀረ ሰርቨሩ አንድ ኮድ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ ብቻ ይታገሣል። ኪይ ሰዓት ስለማይጠይቅ ነው ባልደረባችሁ የምትገባው።

ሰውዬው «ዴት» ብሎ ይጻፍ። «ስንት ሰዓት ይላል» ብለህ እንዳትጠይቀው፤ 09:00 አይቶ «ሦስት ሰዓት» ይልሃል፣ አንተም ትሳሳታለህ። አሃዙን እንዳለ ያንብብልህ፣ ከጎኑ ያሉትን ፊደላትም ጭምር። ዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ያለው የዓለም መነሻ ሰዓት) የሚል ከሆነና ከስልክህ ልክ 3 ሰዓት ከቀረ ሰዓቱ ደህና ነው።

እስከዚያው ባልደረባህ ኮዱን ሲያወጣ የተሰጡትን ባለ 8 አሃዝ የመጠባበቂያ ኮዶች ካስቀመጠ በአንዱ ይግባ፤ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው።

ጠያቂው፦
ሎጉ ላይ «ባድ ኦውነርሺፕ ኦር ሞድስ ፎር ዳይሬክተሪ» ብሎ የእኔን ሆም ጠርቷል። 750 ተደረገ፣ ገብቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሰዓቱ ደግሞ እዚያ 07:12፣ ስልኬ ላይ 10:41፤ ከጎኑ ኢኤቲ (የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት) ይላል። መብራቱ የቆየው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ዓመተ ምሕረቱና ቀኑ ግን ትክክል ነው፤ የቦርዱ ባትሪ (ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያስቀጥለው) ቢሞት ቀኑም አይጠፋም ነበር?

መልስ፦ አንኮበር
አይጠፋም። ሲስተምዲ (የኡቡንቱን አገልግሎቶች የሚያስነሳው) የመጨረሻውን ሰዓት ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ የቦርዱ ሰዓት ወደ ድሮ ዘመን ቢመለስ እንኳ ሲነሳ ከተጻፈው ይቀጥላል። ለዚህ ነው መብራት በጠፋበት ልክ ወደኋላ የቀረው። ባትሪው አልቋል።

ታይምዴትሲቲኤል (የሰዓት ትእዛዙን) ብለህ እይ። «ሲንክሮናይዝድ፦ ኖ» ካለ ራውተሩ ላይ ወደ ውጭ የሚሄደው ዩዲፒ 123፣ ማለትም ኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክለው) የሚጠቀምበት ፖርት፣ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አስከፍት። እስኪከፈት ሴት ኤንቲፒን ፎልስ፣ ከዚያ በሴት ታይም ሰዓቱን ሙላ፤ ኤንቲፒ እንደበራ በእጅ መሙላት አይፈቅድልህም። ሲከፈት መልሰህ ትሩ አድርገው፣ አለዚያ ከርሞ ያው ነው።

ባትሪው አብዛኛው ቦርድ ላይ ሲአር 2032 ነው፣ 3 ቮልት። ሰውዬው ከመቀየሩ በፊት የቦርዱን ማንዋል ይይ፤ ሰርቨሩን አጥፍቶ የመብራት ገመዱን ይንቀል። ባትሪ ሲሞት የባዮስ (የቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) ሴቲንግም ሊጠፋ ስለሚችል፣ መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫ ኦን መሆኑን እዚያው ያረጋግጥ።