በኮንዶሚኒየም ማኅበራችን ምርጫ ስለ ክፍት ቦታው የሚገባው ቃል

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)
የተከበራችሁ ጎረቤቶች፣ በመጪው እሑድ የማኅበራችንን ኮሚቴ እንመርጣለን። አንዱ ዕጩ በብሎኮቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ለሱቅ አከራይቶ በገቢው ጣሪያና የፍሳሽ መስመር እንደሚያስጠግን ቃል ሲገባ፣ ሌላው ቦታው የልጆች መጫወቻ ሆኖ እንዲቆይ ይፈልጋል። ለመሆኑ ማኅበሩ ይህን የመወሰን ሥልጣን አለው? ተከራዮችስ ይመርጣሉ?

ምላሽ 1
በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የማኅበሩ አባላት የቤት ባለቤቶች ናቸው፤ ሥራውም እንደ ደረጃና ጣሪያ ያሉትን የጋራ መጠቀሚያዎች ማስተዳደር፣ ለዚህም መዋጮ መሰብሰብ ነው። ቦታው በፕላን የተመደበለትን አገልግሎት መለወጥ ግን ከኮሚቴ አቅም በላይ ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠራ ሱቅም ሊፈርስ ይችላል፤ ያኔ የሚከስረው መዋጮ ከፋዩ ነው። ስለዚህ ዕጩው ፈቃዱን ከየት እንደሚያገኙ በስብሰባው ላይ ይጠይቁልን።

ምላሽ 2 (ከየካ አባዶ)
እኔ ተከራይ ስለሆንኩ ድምፅ የለኝም። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለደነገገ፣ እኛም አላፊ እንግዶች አይደለንም፤ ባለቤቶች ሊያደምጡን ይገባል። በእኛ ግቢ ኮሚናሉ (ለሐዘንና ለድግስ የምንጠቀምበት የጋራ ሕንፃ) ለመጋዘን ተከራይቶ፣ ባለፈው ክረምት ሐዘን የደረሰባቸው ጎረቤታችን ለቀስተኛ የሚያስቀምጡበት አጥተው በዝናብ ድንኳን ተከሉ። ያንን ቀን አልረሳውም።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የግቢውን ፕላን ኮፒ ይዤ እሑድ እገኛለሁ።