የጎረቤቴ የድሮ ሾትገን፦ ጥይቱ ገባ፣ ግን ልተኩስ?

ብርዱ_ሚኒሶታ፦
ሰላም ወገኖች። ጎረቤቴ የነበሩ ሽማግሌ ባለፈው ዊንተር አረፉ። በረዶ ስጠርግላቸው ስለኖርኩ ባለቤታቸው የአደን ጠመንጃቸውን "አንተ ውሰደው" ብለው ሰጡኝ። 12 ጌጅ ነው (ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው)። አፈሙዞቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለት መምቻ በውጭ በኩል ቆሟል። ብረቱ ላይ እንደ ሸማ ጥለት የተጠማዘዘ መስመር አለ። ፈትቼ ከስሩ ሳየው በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላትና ኮከብ ተመተውበታል። ዘውድ የለውም።

ሱቅ ሄጄ 2¾ ኢንች ጥይት ገዛሁ። ሻጩ "ቀላሉን ውሰድ፣ ችግር የለውም" አለኝ። ቤት ሳጎርሰው ልክክ ብሎ ገባ። ግን ልቤ አልቆረጠም፤ መልሼ አወጣሁት። በጥቅምት ፌዛንት የሚባለውን ወፍ ላድንበት ነበር ሐሳቤ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሰላሌ_ልጅ፦
አትተኩስ። የአያቴ ውጅግራም ግድግዳ ላይ ነው ያለው። እዚያው ያምርበታል።

ጋሼ_ቨርጂኒያ፦
ወንድሜ፣ ማውጣትህ ደግ አደረግህ። ቤት ውስጥ ግን ሁለተኛ ጥይት እንዳታጎርስ፣ አደራ።

ጥይቱ ስለገባ ልኩ ነው ማለት አይደለም። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው። ከ9 ዓመት በፊት አንድ የቆየ እንግሊዝ ሠራሽ ገዛሁ። እንዳንተው ገባ፣ ተዘጋ፣ ተኮስኩ። አራት ጥይት ብቻ። ትከሻዬ በዱላ የተመታ ያህል አበጠ። ቀለሁን አውጥቼ ሳየው አፉ ተበጣጥሶ ተለጥጧል። ሰደፉ ከብረቱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ደግሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች። ጣቴን ሳስኬድባት ጥፍሬን ያዝ አደረገችው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 2¾ ኢንች፣ ማለትም 70 ሚሊሜትር፣ ከተተኮሰ በኋላ አፉ የተከፈተው ቀለህ ርዝመት ነው። ሳይተኮስ አፉ ታጥፎ ስለተዘጋ ያጥራል። የብዙ ድሮ ጠመንጃዎች ማጉረሻ 65 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ጥይቱ ይገባል። ሲተኮስ ግን አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። አፈሙዙ የሚጠብበት ጉሮሮ ውስጥ ይከፈታል። መንገዱ ይጠብና ግፊቱ ያሻቅባል።

"ቀላል" የሚለውም ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሳጥኑ ላይ እንዲህ ሲል በጥይቱ ውስጥ ስላሉት ትንንሽ እንክብሎች ክብደትና ፍጥነት እንጂ ስለ ግፊቱ እየነገረህ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለ2¾ ኢንች 12 ጌጅ የተቀመጠው ጣሪያ በካሬ ኢንች 11,500 ፓውንድ ነው። ቀላል የተባለው ጥይትም ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። ያንተ ዓይነቱ ጠመንጃ የሚፈልገው 2½ ኢንች የሚል፣ ለአሮጌ መሣሪያ ተብሎ የተሠራ፣ አምራቹ የግፊቱን ቁጥር ሳይደብቅ የሚናገርለት ጥይት ነው።

ያየኸው ምልክት የቤልጂየሟ የሊዬዥ ከተማ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት ማኅተም ነው። ዘውድ ከሌለው ከ1893 እ.ኤ.አ. በፊት የተመታ ይመስለኛል። ያኔ የተፈተነው በጥቁር ባሩድ ነው። በጭስ አልባ፣ ማለትም በዘመኑ ባሩድ የተፈተኑት አንበሳና ፒ፣ ቪ የሚሉ ፊደላት አሏቸው። ጥለት ያልከው ደማስቆ ይባላል። የብረት ዘንጎች ተገምደው፣ ተጠቅልለው፣ በመዶሻ የተበየዱበት ሥራ ነው። እኔ እንደሱ የሚያምር ብረት አላየሁም። ግን በብየዳው መሐል የገባ ዝገት ከውጭ አይታይህም። ማኅተሙ ቢኖርም ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ምድር ቤት እንደከረመ አይነግርህም።

ስለዚህ ከጥይቱ በፊት አሮጌ ጠመንጃ የሚያውቅ ጠጋኝ ፈልግ። የማጉረሻውን ርዝመትና የአፈሙዙን ግድግዳ ውፍረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካልህ። "ጥቁር ባሩድ ከሆነ ተኩስበት" የሚሉህ ይኖራሉ። አትስማቸው። በዝገት የተበላ ብረት በጥቁር ባሩድም ይፈነዳል።

ወንዝ_ዳር፦
ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። የብረት እንክብል ያለበት ጥይት በጭራሽ። የድሮውን ስስ አፈሙዝ ይጎዳዋል። ዳክዬ ካማረህ ደግሞ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው አሜሪካ ዳክዬን በእርሳስ (ሊድ) እንክብል ማደን ክልክል ነው። ለእንደዚህ ያለ ጠመንጃ ሰው የሚይዘው ቢስሙዝ ከሚባለው ማዕድን የተሠራ እንክብል ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ኪስህ ውስጥም ቀጭኑን የ20 ጌጅ ጥይት ከ12ቱ ጋር አትቀላቅል። ተንሸራቶ አፈሙዙ ውስጥ ይወሸቃል፤ ሳታይ ከኋላው 12 ካጎረስክ እጅህን ታጣለህ። 20ውን ቢጫ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ብርዱ_ሚኒሶታ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ከጠጋኙ ተመለስኩ። ማጉረሻው 65 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። መብራት አስገብቶ ውስጡን አሳየኝ። በግራው አፈሙዝ፣ ከማጉረሻው አንድ ስንዝር ገደማ ወደ ፊት፣ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተበሳሳ ቦታ አለ። ግድግዳው እዚያ ጋ ሳስቷል። "በቀኙም ቢሆን እኔ አልተኩስም" አለኝ።

ለወይዘሮዋ ሄጄ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ምድር ቤት ወረዱና ባለቤታቸው ያስቀመጡትን ግማሽ ሳጥን ጥይት ይዘው መጡ። ቀለሁ ካርቶን ነው፣ ርዝመቱም 2½ ይላል። ሽማግሌው ለካ ያውቁ ነበር። ጥይቶቹ በጣም ስላረጁ ለጠጋኙ ሰጠሁት። ሳጥኑን ግን ወይዘሮዋ መልሰው ወሰዱት፤ ክዳኑ ላይ የባላቸው የእጅ ጽሑፍ አለበት።