አሮጌ የስዊስ ሰንጢ ዕድሜው በምን ይታወቃል?

ጠያቂ (ጄኔቫ)፦ ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ፕላንፓሌ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሁለት የስዊስ ሰንጢ አየሁ። ጎንደር ላለው አጎቴ፣ ለቀድሞው ወታደር፣ ክረምት ላይ ይዤለት መሄድ እፈልጋለሁ። አንዱ እጀታው አሉሚኒየም ነው። ሻጩ «የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው» ይላል። ሌላው ቀይ ፕላስቲክ ነው፤ የቡሽ መንቀያ አለው። እሱን ደግሞ «ሠራዊቱ ለመኮንኖች ያደለው» ይለኛል። የጠራው ዋጋ ቀላል አይደለም። እውነቱን በምን ላውቅ?

ከበርን፦ እህቴ፣ አሉሚኒየሙ የጦርነቱ ዘመን ሊሆን አይችልም። ሠራዊቱ በአሉሚኒየም እጀታ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ስለቱን ክፈቺና ከእጀታው ጋር የሚጋጠምበትን ሥሩን በደንብ እዪው። ሁለት አኃዝ ተመትቶበታል። 71 ካለ የ1971 ነው፣ አለቀ። እጀታው ላይ እንዳያንሸራትት የተመቱ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች አሉ። ብዙ የተሠራበት ከሆነ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ያሉት ተበልተዋል። ስለቱንም እዪ፤ ተስሎ ተስሎ የቀጠነ ከሆነ ዋጋ አስቀንሺ።

ሰንጢ ወዳጅ፦ የዚህ ሰንጢ ደስ የሚለው ነገር ቅርጹ ራሱ ታሪኩን መናገሩ ነው። ያለ ምክንያት የተጨመረ ነገር የለውም። የስዊስ ሠራዊት በ1889 ሽሚት-ሩቢን የሚባል አዲስ ጠመንጃ ያዘ። እሱን ለመፍታት ካቻቪቴ ያስፈልግ ነበር። የወታደሩ ስንቅ ደግሞ የቆርቆሮ ምግብ ሆነ። ስለዚህ የ1890ው ሰንጢ አራት ነገር ብቻ ያዘ፦ ስለት፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ካቻቪቴ፣ ወስፌ። እጀታው ጥቁር እንጨት ነበር። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ጀርመን፣ ዞሊንገን ነው። ከ1891 ጀምሮ ግን ስዊዘርላንድ ውስጥ የኢባኹ ሰንጢ ሠሪ ካርል ኤልዜነር ያቀርብ ጀመር።

ኤልዜነር በ1897 ቀለል ያለ ሰንጢ አወጣ። ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያ ጨመረበት። ብልሃቱ ሞላው ላይ ነው። አንዱ ሞላ በሆዱም በጀርባውም በኩል ያሉትን መሣሪያዎች ይይዛል። ለእኔ ከሁሉም ለውጥ ትልቁ ይኼ ነው፤ ሳይወፍር ብዙ መያዝ የቻለው በዚህ ነው። «የመኮንን ሰንጢ» የተባለው እሱ ነው። ግን ሠራዊቱ አድሎት አያውቅም፤ መኮንኖቹ በኪሳቸው ነበር የሚገዙት። ስለዚህ ሻጩ እዚህም ላይ አልተናገረም እውነቱን።

ሜካኒኩ፦ ስሙንም አንብቢ። የኤልዜነር ፋብሪካ ስም፣ «ቪክቶሪኖክስ»፣ የሚል ከሆነ ከ1921 ወዲህ ነው። ስሙ የወጣው የማይዝግ ብረት ሲገባ ነውና። የሌላው የስዊስ ፋብሪካ ስም፣ «ቬንገር»፣ ቢልም ፎርጂድ ነው ብለሽ እንዳትሸሺ። የወታደሩን ሰንጢ ሁለቱ ፋብሪካዎች ለብዙ ዘመን ተካፍለው ሠርተዋል። ቪክቶሪኖክስ ቬንገርን የገዛው በ2005 ነው። የእንጨት እጀታ ያለው ካሳዩሽ ግን ረጋ በይ። ቪክቶሪኖክስ ራሱ የድሮውን አስመስሎ አዲስ ሠርቷል።

ጠያቂ (ጄኔቫ)፦ እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ልጨምር። አጎቴ ግራ እጁ እንደልብ አይታዘዝለትም። አሉሚኒየሙን ይከፍተዋል?

ከበርን፦ ይቸገራል። እሱ በአንድ እጅ ተይዞ በሌላው ጥፍር ነው የሚከፈተው፣ ሞላውም ጠንካራ ነው። ለእሱ የሚሆነው የ2008ቱ የወታደር ሰንጢ ነው። ስለቱ ላይ ቀዳዳ አለ፤ አውራ ጣት አስገብቶ በአንድ እጅ ይከፈታል። ከተከፈተ በኋላ ይቆለፋል፣ ጣት ላይ አይታጠፍም። ከ93 ወደ 111 ሚሊ ሜትር ስላደገም መዳፍ ይሞላል። መጋዝም አለው። አረንጓዴና ጥቁር ነው፣ ሱቅ አዲሱን ታገኚያለሽ።

ሰንጢ ወዳጅ፦ እስማማለሁ። ቁልፉን ሲለቅ ጣቱን ከስለቱ መንገድ እንዲያርቅ አሳዪው። አሉሚኒየሙን በልኩ ዋጋ ከሰጠሽ ለራስሽ ያዢው። አቧራ ከገባበት ለብ ባለ ውኃ ከፈት ዘጋ እያደረግሽ እጠቢው፣ ሲደርቅ መጋጠሚያው ላይ ጠብታ ዘይት።

ሜካኒኩ፦ ሰንጢውን በእጅ ሻንጣ እንዳትይዢ፣ ፍተሻ ላይ ይወስዱብሻል። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ጠቅልለሽ አስገቢው።