ቦሎኛ ነኝ፤ የቪየና ትኬቴን ምን ላድርገው?

ሰላም ወገኖች! ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ከተማ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። እስካሁን ፍሎረንስን፣ ቬኒስንና ሮምን በባቡር ዞሬያለሁ። ሮም ላይ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን አደባባይ ሳይቀር ፈልጌ አየሁት። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገብቷል፤ እኔ ግን ባዶውን ቦታ ቆሜ ሳይ ሆዴ ባባ።

አሁን ጭንቅ ውስጥ ነኝ። የተማሪ ቪዛዬ ባለፈው ሳምንት አለቀ። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልወጣም፤ በእጄ ያለው የፈቃዱን ማመልከቻ ሳስገባ የተሰጠኝ የፖስታ ቤት ደረሰኝ ብቻ ነው። በዚህ ደረሰኝ ጣሊያን ውስጥ መቆየት እንጂ ሌላ የሼንገን አገር (በአንድ ቪዛ ከሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች አንዱ፣ ለምሳሌ የቪየና አገር ኦስትሪያ) መግባት አይቻልም። ለሚቀጥለው ወር ግን የቪየና አውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ፣ ያውም ገንዘቡ የማይመለስ! ጓደኞቼ «ማን ያይሃል፣ ዝም ብለህ ሂድ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ።

ፈቃዱን ለማፋጠን ሞክሮ የተሳካለት አለ? የትኬቱን ቀን ያስቀየራችሁስ?